ሽቦ ያመጣቻት ጥንቸል

«ፍቺያት እንጂ! አንዴ ብቻ!» አለች ሳሮን፣ ስልኳን በሁለት እጇ ደግና። «ታስራ ስትጎተት ማን ያያታል? ክራስ፣ ጉድ የምታሰኘው ስትሮጥ ነው!»

ሚልካ ግራ ቀኟን አየች። ከጀርመኑ ቦናመስ ሰፈር ወጥቶ ወደ ካልባኽ የሚወስደው የእርሻ መንገድ ጭር ብሏል። ከኋላቸው የሰፈራቸው የቤን ጉሪዮን ሪንግ ፎቆች ተገትረዋል፤ ከፊታቸው ገና ቁርጭምጭሚት ያላለፈ አረንጓዴ ስንዴ ነው። መንገዱ ዳር የተተከለው ሰሌዳ፣ የዱር እንስሳት በሚወልዱበት በዚህ ወቅት ውሻ መፍታት ክልክል ነው ይላል። ሚልካ ሰሌዳውን በቃሏ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ጀርባዋን ሰጠችው፤ ምክንያቱም ሳሮን ያለችው እውነት ነው። ውሻዋ ሽቦ ስትሮጥ ያላየ ሰው ሽቦን አያውቃትም።

ቆማ ለሚያያትማ ታሳዝናለች። እግሯ ረጅም፣ ሆዷ ወደ ውስጥ የገባ፣ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር፣ ግራጫ ጸጉሯ ሻካራ ብሩሽ የመሰለ። የቸርች ሴቶች ባዩዋት ቁጥር «ምነው አረጋሽ፣ በሐበሻ ቤት ውሻ እንዲህ ይከሳል?» እያሉ የሚልካን እናት ያሳቅቋታል። ኧረ ተፈጥሮዋ ነው ቢባሉ ማን ሰምቶ! «ሽቦ» ብሎ ስም ያወጣላት የሚልካ አባት ተካልኝ ነው። ሆኽስት በሚባለው ሰፈር፣ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ አብሮት የሚሠራ አንድ አይሪሽ ወደ አገሩ ሲሄድ «ለሁለት ሳምንት ያዝልኝ» ብሎ ሰጠው፤ ይኸው ዓመት አለፈ። ሰውየውም አልተመለሰ፣ ሽቦም አልሄደች።

ዘሯ ሉርቸር ይባላል። ከሯጭ ውሻና ከበግ ጠባቂ ውሻ የተዳቀለ የአደን ውሻ ነው፤ እግሩን ከአንዱ፣ አእምሮውን ከሌላው የወሰደ። አይሪሹ በአገሩ ሳለ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይዟት ይወጣ ነበር፤ ሲመለሱ ለድስት የሚሆን አይጠፋም። እዚህ ጀርመን ውስጥ ግን እያባረረ በሚይዝ ውሻ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ሽቦ ሥራ የፈታች ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ትጋደማለች። ተካልኝ ከፈረቃ ደክሞት ሲገባ አገጯን ጉልበቱ ላይ ጣል ታደርግለታለች። ሚልካ ሒሳብ የወደቀች ቀንም ማንንም ማየት ሳትፈልግ፣ ሽቦ ብቻ ዝም ብላ ገብታ እግሯ ሥር ተጠቅልላ አድራለች።

ሚልካ የማሰሪያውን መንጠቆ ፈታች።

መጀመሪያ ያሰቡት ሆነ። ሽቦ መንገዱን ይዛ በረረች፤ ሳሮን ስልኳን ይዛ «ዋው! ዋው!» እያለች ዘለለች። ከዚያ ከስንዴው መሃል አንድ ቡናማ ነገር ብድግ አለ። ጥንቸል ነበረች፤ ትልቅ፣ ጆሮዋ ጫፉ ጥቁር።

«ሽቦ! ሽቦ ተመለሺ!»

ማን ሊሰማ! ሽቦ ስታባርር አትጮህም። ጥንቸሏ ወደ ግራ ታጠፈች፣ ሽቦም ታጠፈች። ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ግን ሽቦ ቀድማ እዚያ ነበረች። ሚልካ ትንፋሿን ሳትጨርስ ነገሩ አለቀ።

ሽቦ ጥንቸሏን በአፏ ይዛ፣ ራሷን ቀና አድርጋ፣ በሶምሶማ ተመለሰች። ሚልካ ፊት ቁጭ አለችና አፏን ወደ ላይ ዘረጋች። ሚልካ ሳታስበው ሁለት እጇን አቀረበች። ሽቦ ቀስ ብላ አስረከበቻት። ጥንቸሏ ከብዳለች፣ ገና ትሞቃለች፤ አንገቷ ተሰብሯል እንጂ ጸጉሯ እንኳ አልተበጣጠሰም። ቤት ውስጥ ተካልኝ ካልሲውን እየወረወረ «አምጪ!» ሲላት የምታደርገው ልክ እንዲሁ ነው። ካልሲውን መዳፉ ላይ ታስቀምጣለች፤ እሱም «ጎበዝ!» ይላታል። ሽቦ አሁንም ያንን ቃል እየጠበቀች ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«ምን አደረግሽ!» ብላ ጮኸችባት ሚልካ። «አንቺ ክፉ! ምን ነክቶሽ ነው?»

የሽቦ ጆሮ ወደ ኋላ ተለጠፈ። ጅራቷን በእግሮቿ መሃል ወትፋ መሬት ለመሬት ተጋደመች። ምን እንዳጠፋች አልገባትም። እውነቱን ለመናገር ለሚልካም በደንብ አልገባትም፤ ጮኸች ብቻ።

«ጉድ ፈላ! ሰው እየመጣ ነው!» አለች ሳሮን። «ደብቂያት!»

ሚልካ ጥንቸሏን የስፖርት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። ሽቦንም መልሳ አሰረቻት። በእርሻው መንገድ ላይ ሄር ዊንተር በብስክሌት እየመጡ ነበር። ሄር ዊንተር፣ አቶ ዊንተር እንደማለት፣ የዚያን አካባቢ የዱር እንስሳት የሚጠብቁ፣ የማደን ፈቃድም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አረንጓዴ ጃኬታቸውንና አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠለውን አቅርቦ ማያ መነጽር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

«ጥንቸል የሚያሳድድ ውሻ አይቻለሁ» አሉ በጀርመንኛ፣ ከብስክሌቱ እየወረዱ። «ከሩቅ ስለሆነ መልኩን አልለየሁትም። እናንተስ?»

ሚልካ ቦርሳዋን ወደ ጀርባዋ ገፋች። ሳሮን ግን ዓይኗን አላሸችም። «አይተናል። ጥቁር ነው፤ ጭንቅላቱ ትልቅ። እዚያ ፎቅ ላይ ያለው የዓዚዛ ውሻ ነው። ይዞ ሮጠ።»

«እሱን አውቀዋለሁ» አሉ ሄር ዊንተር፤ ፊታቸው ጠቆረ። «ስንት ሰው በሱ ስሞታ አቅርቦልኛል! ይቺስ የማን ናት?»

«የጎረቤት ናት። እኛ ልናናፍሳት ነው» አለች ሳሮን። ሚልካ ራሷን ነቀነቀች። መነቅነቅ ነበረባት እንዴ? ነቀነቀች።

ሄር ዊንተር የሽቦን የጎድን አጥንት አይተው ፈገግ አሉ። «ለጎረቤታችሁ ምግብ ጨምሩላት በሏቸው» ብለው ብስክሌታቸው ላይ ወጥተው ሄዱ።

«ለምን ዋሸሽ?» አለች ሚልካ፣ ሲርቁ።

«አድኜሽ እኮ ነው! ደግሞ አታካብጂ። ያ ውሻ ድሮም ሰው ሁሉ ይፈራዋል። ቢበዛ አንድ ደብዳቤ ቢልኩላቸው ነው።»

ደብዳቤ! ሳሮን አባቷ የቸርቹ ሽማግሌ ስለሆኑ፣ ነገር ሁሉ በይቅርታና በሻይ የሚያልቅ ይመስላታል።

ሚልካ ቤት ስትደርስ ቦርሳውን ክፍሏ ልታስገባ ስትል እናቷ አረጋሽ ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት። «የስፖርት ልብስሽን አምጪው፤ ማሽኑን ልከፍተው ነው» አለችና፣ ሚልካ «ቆይ እማዬ» ሳትል ዚፑን ከፈተች።

«በኢየሱስ ስም!»

ጩኸቷ ሦስት ፎቅ ወርዷል። ሽቦ ጠረጴዛ ሥር ገባች። አረጋሽ ጴንጤ ከሆነች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ጌታ ምግብን ሁሉ ቀድሶታል ብላም ታምናለች። ጥንቸል ላይ ስትደርስ ግን እምነቷ ትንሽ ይንገዳገዳል። «ይሄ የማይበላ ነገር ቤቴ ውስጥ ምን ይሠራል? ሚልካ! ተናገሪ!»

ሚልካ ተናገረች። ፈትታ መልቀቋን፣ የሳሮንን ውሸት፣ የራሷን ዝምታ፣ አንዱንም አላስቀረችም። አረጋሽ እጇን በሳሙና እየፈተገች ሰማቻት።

«ስትፈቺያት ማን አያችሁ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው አፍሽን ዝጊ። ይሄንን ሂጂና ጣዪ።»

ሚልካ ደነገጠች። ሽቦን ለማስወጣት ሰበብ የምትፈልግ ከነበረች እናቷ ናት። ሽቦ ከመጣች ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ እቤታቸው የነበረው የጸሎት ኅብረት ወደ ሌላ ሰው ቤት ተዛውሯል፤ ግማሾቹ እህቶች ውሻ ይፈራሉ፣ ግማሾቹ ጸሎትና ውሻ አንድ ጣሪያ ሥር አይሆንም ብለዋል። አረጋሽ ያንን ቀን ቤቷ ሰው ሲሞላ ትወደው ነበር። እስከ ዛሬ ሐሙስ ሲመጣ ታኮርፋለች።

«እኔ ለውሻዋ ብዬ አይደለም» አለች አረጋሽ፣ ሐሳቧን ያወቀችባት ይመስል። «የዜግነት ጉዳያችን ገና አላለቀም። ስማችን በክፉ እንዲነሳ አልፈልግም። ይሄ ነገር ከተሰማ ግን፣ ዛሬ ልንገርሽ፣ ያቺ ውሻ እዚህ ቤት አታድርም። ቲርሃይም፣ የእንስሳት ማቆያ ወስጄ ነው የማስረክባት፤ አባትሽ ቢያለቅስም!»

«የዓዚዛ ውሻስ?»

«እሱን ባለቤቶቹ ይወቁበት። እኛ ሰው አገር ነን ያለነው። አንገታችንን ደፍተን ነው የምንኖረው።»

«እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት» አለች ሚልካ በጀርመንኛ። አረጋሽ ስትናደድ ጀርመንኛ አትሰማም። በሩን አሳየቻት።

ሚልካ ጥንቸሏን ይዛ ወረደች። ቆሻሻ መጣያው ጋ ደርሳ ክዳኑን አነሳች፤ እጇ እንቢ አላት። ሽቦ እንደዚያ ተጠንቅቃ ያስረከበቻትን ነገር ሙዝ ልጣጭ ላይ መጣል ነውር መሰላት። ኬለር ወርዳ፣ ምድር ቤት ባለችው ዕቃ ማስቀመጫቸው ውስጥ ከብስክሌቷ ጀርባ ከነቦርሳው ሰቀለቻት። እዚያ እንደ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። ለምን እንዳስቀመጠችው ራሷም አላወቀችም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓዚዛን ፎቁ በር ላይ አገኘቻት። ዓዚዛ በዕድሜ አንድ ዓመት ትበልጣታለች፤ ሰላምታ እንጂ ወሬ የላቸውም። ጥቁሩ ውሻዋ ሱልጣን አጠገቧ ቆሟል። አፉ ላይ የብረት ቅርጫት ታስሮበታል፤ በእግሩ ሊያወልቀው እየታገለ አፍንጫውን አቁስሎታል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ሚልካ። እያወቀች ጠየቀች፤ ወይ አፍ!

«ከከተማው መሥሪያ ቤት መጡ። ጥንቸል በላ ብለው። እስኪጣራ ይሄንን አድርጉለት አሉ፤ ከተረጋገጠ ይወስዱታል።» ዓዚዛ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም። «ሱልጣን እኮ ዳሌው ታሟል። ሊፍቱ ሲበላሽ እኔና ወንድሜ ተሸክመነው ነው የምንወጣው። ጥንቸል! ሱልጣን!»

«አልነገርሻቸውም?»

«ነገርኳቸዋ። እግሩን ማን ያያል? ጭንቅላቱን ነው የሚያዩት።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ሁለት ልጆች አይተዋል አሉኝ። ምን አድርጌያቸው ይሆን?»

ሚልካ አሳንሰሩ ውስጥ ገብታ ለሳሮን ደወለች።

«ቪዲዮው አለሽ አይደል?»

«አጥፍቼዋለሁ። ምነው?»

«ልናገር ነው።»

«ሚልካ! አበድሽ? አባቴ ቢሰማ ይገድለኛል! ለዚያ ለሚያስፈራ ውሻ ብለሽ ነው? ሽቦንስ? እናትሽ ምን እንዳለች አንቺው አልነገርሽኝም?»

ይቺ ገባቻት። ሽቦን ልታጣት ትችላለች። ሶፋው ባዶ ሲሆን፣ አባቷ ሲገባ ጉልበቱ ላይ ማንም አገጩን ሳይጥልለት ሲቀር ታያት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ተናደደች፤ በሳሮን፣ በሰሌዳው፣ በእናቷ፣ አንገት መድፋት በሚባለው ነገር፣ ከሁሉም በላይ ራሷን በነቀነቀችው በራሷ።

«እኔ የለሁበትም» አለች ሳሮን።

«እሺ፣ አትኑሪበት» ብላ ዘጋችው።

ሽቦን አሰረቻት፤ ኬለር ወርዳ ቦርሳውን አነገተች። ሄር ዊንተር ከሰዓት በኋላ እርሻው ጫፍ መኪናቸውን አቁመው አካባቢውን ይቃኛሉ። እዚያው ሰሌዳው ሥር አገኘቻቸው።

«ሄር ዊንተር፣ የዓዚዛ ውሻ ምንም አላደረገም» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «ጥንቸሏን የያዘቻት ይቺ ናት። የፈታኋት እኔ ነኝ።» ቦርሳውን ከፍታ አሳየቻቸው።

ሄር ዊንተር ጥንቸሏን አዩ፣ ሽቦን አዩ፣ ሚልካን አዩ። ሽቦ ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቱ ትንቀጠቀጣለች።

«ስሚ የኔ ልጅ» አሉ በለዘበ ድምፅ። «አስፈራርተውሽ ነው? የዚያ ውሻ ሰዎች ናቸው የላኩሽ?»

ሚልካ ደሟ ፈላ። «ማንም አልላከኝም! እውነት ለመናገር የግድ ሰው ሊልከኝ ይገባል?»

«ይህቺ ግን እንኳን ጥንቸል ልትይዝ ንፋስም የሚጥላት ትመስላለች። ደግሞም ጥንቸሏ ላይ የጥርስ ምልክት የለም። የውሻ ሥራ አይመስልም።»

«ስለማያውቋት ነው!»

ሚልካ ልታሳያቸው ወሰነች። የሽቦን ማሰሪያ ግን አልፈታችም፤ ያን ስህተት ሁለተኛ አትሠራም። ረጅሙን ገመድ እስከ ጫፉ ለቀቀችላትና ጥንቸሏን ገመዱ በሚደርስበት ሣር ላይ አኖረቻት። «ሽቦ» አለች። «አምጪ።»

ሽቦ አልተነሳችም። አንዴ ጥንቸሏን፣ አንዴ ሚልካን አየች። የትናንቱን ጩኸት አልረሳችውም።

ሚልካ ተንበረከከች። «የኔ ቆንጆ፣ አልቆጣሽም። አምጪ።»

ሽቦ ቀስ ብላ ሄደች። ጥንቸሏን ወገቧ ላይ ለቀም አድርጋ አነሳቻት፤ ራሷን ቀና አድርጋ ተመለሰች፤ ሚልካ ፊት ቁጭ ብላ መዳፏ ላይ አስረከበች። ከዚያ ዓይን ዓይኗን እያየች ጠበቀች።

«ጎበዝ!» አለች ሚልካ። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ጎበዝ የኔ ሽቦ!»

የሽቦ ጅራት ሣሩን ጠረገ። ሄር ዊንተር ጎንበስ ብለው ጥንቸሏን ከሚልካ መዳፍ ተቀበሏት። ከዚያ ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው ግንባራቸውን አከኩ።

«ወጣት ሳለሁ እንግሊዝ አገር አንዴ እንዲህ ዓይነት ውሻ አይቻለሁ» አሉ። «እንደዚህ እጅ ላይ ሲያስረክብ ግን አላየሁም። ታዲያ ጥንቸሏ እኮ ሴት ናት፣ ልጆች ሊኖሯት ይችላሉ፤ ይህን ታውቂያለሽ?»

ይህ ከቁጣ ሁሉ ይበልጥ ጎዳት። «አሁን አወቅኩ» አለች። «እሷ ግን ሥራዋን ነው የሠራችው። ሰሌዳውን ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ፤ አንብቤ ነው የፈታኋት።»

«ለመሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለብኝ።»

«ያሳውቁ። መጀመሪያ ግን የሱልጣንን ይንገሩልኝ። አፍንጫው ቆስሏል።»

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ቆመው ደወሉ፤ ውሻው ጥቁሩ እንዳልሆነ፣ በዓይናቸው እንዳረጋገጡ ተናገሩ። ሲጨርሱ ወደ ሚልካ ዞሩ።

«ያቺኛዋስ ጓደኛሽ?»

«የራሷን ራሷ ትንገርዎት።»

«ትናንት ውሻዋ የጎረቤት ናት ብላችሁኝ ነበር። ባለቤቷ ማነው?»

«ትናንት ዋሽተናል» አለች ሚልካ። «የኔ ናት።»

ስሟን፣ አድራሻዋን፣ የአባቷን ስም ነገረቻቸው። ነገ መጥተው ወላጆቿን እንደሚያነጋግሩ ሲነግሯት፣ «እናቴን ዛሬውኑ እኔ እነግራታለሁ» አለች።

የቤቱ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም፤ ደወሉን ደወለች። አረጋሽ በሩን ከፍታ የልጇን ጭቃ የነካ ጉልበት አየች፣ ባዶውን ቦርሳ አየች።

«ተናገርሽ።»

«ተናገርኩ።»

«ያልኩሽን ታስታውሻለሽ አይደል?»

«አስታውሳለሁ። ሽቦ ግን የትም አትሄድም፣ እማዬ።» ዓይኗ ከእናቷ ዓይን አልወረደም። «የፈታኋት እኔ፣ ዝም ያልኩትም እኔ። የሚቀጣ ካለ እኔን ቅጡኝ። ስልኬን ውሰጂው፣ ክረምቱን ሙሉ አልወጣም፣ የሐሙስ እህቶች ይመለሱ፣ በር ላይ ቆሜ እኔ አስተናግዳቸዋለሁ። እሷን ግን በኔ ጥፋት አታስወጫትም። ሱልጣንንም በኛ ጥፋት ሊወስዱት ነበር።»

አረጋሽ ከበሩ ዞር አላለችም። «አንቺ ልጅ» አለች ብቻ፤ በሩንም ዘጋችው።

ሚልካ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሽቦ ሁለቴ ተሽከርክራ አጠገቧ ተጋደመችና አገጯን ጭኗ ላይ ጣለች። የላይኛው ፎቅ ሰውዬ ሲያልፉ «ቁልፍ ጠፋብሽ?» አሏት። «አይ፣ ቁልፍ አለኝ» አለቻቸው፤ ግር ብሏቸው ወጡ።

ብዙ ቆይቶ በሩ ገርበብ አለ። የአረጋሽ እጅ ብቻ ወጣ። የሽቦን የውሃ ሳህን ይዟል፤ ዓመት ሙሉ በጓንት እንኳ ነክታው የማታውቀውን ሳህን። ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«ውሃ ሳትጠጣ ነው የዋለችው» አለች ከበሩ ጀርባ። «አንቺም ግቢና ብዪ።»

«አባዬ እስኪመጣ እዚሁ ነን» አለች ሚልካ። «ወይም አብረን እንገባለን።»

የማሰሪያውን ገመድ እጇ ላይ ጠመጠመችና ሳህኑን ወደ ሽቦ ገፋ አደረገችላት። ሽቦ ጠጣች። ሚልካ በሩን እያየች ጠበቀች፤ በሩም አልተዘጋም።